የጃቫንሺር ምርጫ፦ ቁስጥንጥንያ ወይስ ደማስቆ?

የሚህራን ቤት ከኢራን ታላላቅ የመሳፍንት ቤቶች አንዱ ነበር። አንድ ቅርንጫፉ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የካውካሰስ አልባኒያን ይገዛ ነበር፤ ይህች አገር ከባልካኗ አልባኒያ ጋር ከስም በቀር ዝምድና የላትም፣ አብዛኛው ግዛቷም ዛሬ በአዘርባጃን ውስጥ ይገኛል። ልዑሉ ጃቫንሺር በወጣትነቱ ከዐረቦች ጋር በተደረገው የቃዲሲያ ጦርነት ለፋርሱ የሳሳኒያን ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ተዋግቷል። የፋርስ ዙፋን ሲፈርስ ግን ሌላ ጌታ መፈለግ ግድ ሆነበት።

መጀመሪያ ያደረው ለቢዛንታይን መንግሥት መዲና ለቁስጥንጥንያ ነው። አልባኒያ ክርስቲያን ነበረችና ምርጫው ለካህናቱም ለሕዝቡም አልከበደም። ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንስ 2ኛም በማዕረግና በስጦታ አላሳፈረውም። ችግሩ ርቀቱ ነው፤ ማዕረግ ድንበር አይጠብቅም። ከካውካሰስ በስተሰሜን የነበሩት ካዛሮች የተባሉ ሕዝቦች ወርደው ከብትና ምርኮኛ ሲነዱ ጃቫንሺር ነገሩን የጨረሰው በራሱ ብልሃት ነው፦ የካዛሮቹን ንጉሥ (ካጋን) ልጅ አግብቶ ታረቀ።

የዐረቦቹ ኸሊፋ መቀመጫ ደማስቆ በሃይማኖት ባዕድ፣ በጦር ግን ቅርብ ነበረች። ጃቫንሺር በ660ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ኸሊፋው ሙዓዊያ ሄዶ ገበረ። የአልባኒያ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ በኋላ ባቀረበው ልመና ከአገሩ ግብር ሲሶው ተቀነሰለት። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው፤ የቁስጥንጥንያ ስጦታ ለልዑሉ ሲደርስ፣ የደማስቆው ቅናሽ ገበሬው ቤት ይገባል።

ጃቫንሺር በ680 አካባቢ በራሱ መኳንንት ሴራ ተገደለ። የወንድሙ ልጅ ቫራዝ ትርዳት ደግሞ ምርጫው ሁሉ ተዘግቶበት ለቢዛንታይንም፣ ለዐረቦችም፣ ለካዛሮችም ገበረ።