የሃርድ ዲስክ ዶክ ከስምንት ወር በኋላ፦ የሌሉ ድራይቮች ከየት መጡ?

ባለ ሁለት ማስገቢያ የዩኤስቢ 3.0 የሃርድ ዲስክ ዶክ (ዲስክ ተሰክቶበት ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ከገዛሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። የገዛሁት ከአሮጌ ኮምፒውተሮች የወለቁ ዲስኮችን ለማንበብና የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ አንድ ቦታ ለመሰብሰብ ነበር፤ በፍጥነቱም ሆነ በጥንካሬው እስከ ዛሬ ቅሬታ የለኝም። ያስቸገረኝ ኮምፒውተሬ ላይ የሌሉ ድራይቮችና ፓርቲሽኖች (የዲስክ ክፍልፋዮች) እንዲታዩ ማድረጉ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የታዩኝ ሁለት ባዶ ድራይቮች ዶኩ ፊት ለፊት ካሉት የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያዎች የመጡ ነበሩ። ዊንዶውስ ካርድ ባይገባባቸውም ለእያንዳንዳቸው ፊደል ስለሚሰጥ፣ «ኢ» የነበረው የመጠባበቂያ ዲስኬ «ጂ» ሆነና በየሌሊቱ ፋይል የሚገለብጠው ፕሮግራም ለአሥር ቀን ያህል ምንም ሳይገለብጥ ቆየ። ፊደላቸውን ጭራሽ ባነሳው ካርድ ሲገባም ስለማይታዩ፣ ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ገብቼ «ኤክስ» እና «ዋይ» አልኳቸውና «ኢ»ን ለዲስኬ መለስኩለት። ከድሮ የዊንዶውስ 7 ላፕቶፕ የወጣ ዲስክ ስሰካ ብቅ የምትለው ባለ 100 ሜጋባይት «ሲስተም ሪዘርቭድ» ግን እውነተኛ ፓርቲሽን ናት፤ ፊደሏን ማንሳት ይበቃል እንጂ መሰረዝ አይገባም።

የደነገጥኩት በአምስተኛው ወር ነው። ባለ 3 ቴራባይት ዲስክ ዶኩ ላይ እንደተሰካ፣ ኤምቢአር በሚባለው በቆየው የፓርቲሽን አሠራር አዘጋጅቼ 1.6 ቴራባይት ያህል ከሞላሁበት በኋላ፣ ዴስክቶፑ ውስጥ ይቀመጥ ብዬ በሳታ ገመድ (የውስጥ ዲስክ ማገናኛ) ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ጋር አገናኘሁት። አንድ የነበረው ፓርቲሽን ሦስት ቦታ ተቆራርጦ ታየኝ፦ 349 ጊጋባይት «ሮው» (ዊንዶውስ ሊያነበው ያልቻለ)፣ 1,699 ጊጋባይት ያልተመደበ፣ ከዚያም 746 ጊጋባይት ሌላ ያልተመደበ። ወዲያውም ዲስኩን ፎርማት ላድርገው ወይ የሚል መልእክት መጣ። እሺ ለማለት እጄ ማውሱ ላይ ደርሶ ነበር።

ነገሩን የፈታልኝ ቁጥሩ ነው። ዲስኩ በዊንዶውስ አቆጣጠር 2,794 ጊጋባይት ሲሆን፣ ይህ ለስምንት ሲካፈል 349 ይሆናል። ዲስኩ ራሱን የሚያስተዋውቀው በ512 ባይት ሴክተር (ዲስኩ ቦታውን የሚቆጥርበት ትንሽ ክፍል) ነው፤ ከ2 ቴራባይት በላይ የሆነ ዲስክ ሲገባበት ግን የዶኩ ቺፕ መካከል ገብቶ ስምንት ስምንቱን ሴክተር እያሰረ «ሴክተሩ 4,096 ባይት ነው» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ኤምቢአር የሴክተር ብዛትን በ32 ቢት ቁጥር ስለሚመዘግብ በ512 ባይት ሴክተር ከ2 ቴራባይት ማለፍ አይችልም፤ ዘዴው ይህንን ወሰን ለማለፍ፣ በተለይም ለዊንዶውስ ኤክስፒ ተጠቃሚዎች የታሰበ ነው። ያው የሴክተር ብዛት በማዘርቦርዱ በኩል በ512 ባይት ሲነበብ ፓርቲሽኑ ወደ አንድ ስምንተኛ ወረደ፤ 1,699 የተባለው እስከ ወሰኑ ያለው፣ 746 ደግሞ ከወሰኑ ያለፈው ነው። ሲስተም ኢንፎርሜሽን በሚባለው ፕሮግራም የዲስኮቹን ገጽ ከፍቼ ስመለከት፣ የዚያው ዲስክ ሴክተር በዶኩ በኩል 4,096፣ በሳታ በኩል 512 ሆኖ አገኘሁት። የምርቱ ማሸጊያ ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ ግን ያናድዳል።

ዲስኩን ወደ ዶኩ ስመልሰው ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድል ተገኙ። ከወንድሜ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ተውሼ በሁለተኛው ማስገቢያ ከሰካሁ በኋላ ሁሉንም ገለበጥኩበት፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ። ከዚያም ትልቁን ዲስክ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቼ ከኤምቢአር በኋላ በመጣው የፓርቲሽን አሠራር፣ በጂፒቲ፣ እንደ አዲስ አዘጋጀሁትና ፋይሎቹን መለስኩበት።

ዶኩን አልጣልኩትም፣ ለትንንሽ ዲስኮች እስከ ዛሬ አንደኛ ነው። ትልቁ ዲስክ ግን አሁን በ512 ባይት ሴክተር ስለተዘጋጀ ዶኩ ላይ ቢሰካ አይነበብም፤ ባለፈው ወር ሞክሬው ያው የፎርማት መልእክት ስለመጣ «ሳታ ብቻ» ብዬ በማርከር ጀርባው ላይ ጽፌበታለሁ።