ዴንማርክኛን በዲግሪ ደረጃ ለመማር፦ ኮፐንሃገን ወይስ ሲያትል?

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ቋንቋውን አሁን ምን ያህል ትችላላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1479 የተመሠረተው የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ከዜሮ አያስጀምርም። የ3 ዓመቱ ባችለር የሚሰጠው በዴንማርክኛ ነው። ከውጭ የሚመጣ አመልካች ቋንቋውን በከፍተኛ ደረጃ እንደሚችል ማስመስከር አለበት። ከገቡ በኋላ ግን ሌላ ዓለም ነው። አይስላንዳዊው ምሁር አርኒ ማግኑሰን የሰበሰባቸው ጥንታዊ ብራናዎች ከፊሎቹ ዛሬም እዚያው ይገኛሉ። ደግሞ ዴንማርክኛ ሲጻፍና ሲነገር ሆድና ጀርባ ነው። ፊደሎች ይዋጣሉ፤ ድምፁ ቃል መሃል ላይ ጉሮሮ ውስጥ ቆረጥ ይላል። ጆሮ ይህን የሚለምደው አውቶቡስ ውስጥና ዳቦ ቤት ነው። ትንሽ ከተንተባተባችሁ ሻጯ ወዲያው እንግሊዝኛ ልትጀምርላችሁ ትችላለች። አደራ፣ እናንተ በዴንማርክኛ ቀጥሉ!

ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የስካንዲኔቪያ ጥናት ክፍል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። እዚህ ከሰላምታ ይጀመራል። ብዙ የሥነ ጽሑፍ ኮርሶች የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ትርጉም ሲሆን፣ ዴንማርክን ከስዊድንና ከኖርዌይ ጋር ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ይህን በጣም እወደዋለሁ። ግን ከክፍል ሲወጡ ቋንቋው መንገድ ላይ የለም።

ክፍያን በተመለከተ፣ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ኮፐንሃገን ለመማር የትምህርት ክፍያ የለበትም። ስዊድን ወይም ጀርመን ያደጋችሁ ሐበሾች፣ ዜግነቱ ካላችሁ ይህ ዕድል አይለፋችሁ። ሲያትል ደግሞ የዋሽንግተን ግዛት ነዋሪ ከሌላው ያነሰ ይከፍላል፤ ቢሆንም ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ለፍጹም ጀማሪ እኔ ሲያትልን እመርጣለሁ፤ ያውም አንድ ሴሚስተር ዴንማርክ ሄዶ ለመማር ከወዲሁ ካቀደ።