የሙራኖ ብርጭቆ ለሚሰበስብ ሰው የትኛው መጽሐፍ ይሻላል?

አዳማ ውስጥ አሮጌ ብፌ ሲሸጥ ውስጡ ያለው ብርጭቆ ሁሉ “የጣልያን” ነው። ዓሣ ይሁን ዳክዬ፣ ቢጫ ይሁን ሰማያዊ፣ ሻጩ ከዚህ ሌላ አገር አያውቅም። ከጣልያን ብርጭቆ ስሙ የሚጠራው የሙራኖ ነው፤ ቬኒስ አጠገብ ያለች የብርጭቆ ሠሪዎች ደሴት ናት። እኔ የድሮ የቤት ዕቃ እየገዛሁ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ሱቄም ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። ብፌውን እሸጣለሁ፣ ደህና ብርጭቆ ካገኘሁ ግን ለራሴ አስቀራለሁ። ሚላኖ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በመጣች ቁጥር ሽቶ ሳይሆን መጽሐፍ ነው የማስመጣት። “ይሄን ድንጋይ ስሸከም ወገቤ ተቆረጠ” እያለች ታመጣልኛለች። የትኛው ለሸክሙ እንደሚበቃ ልንገራችሁ።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ትልቁ ነው፤ “ቬኒኒ፦ ካታሎግ ሬዞኔ 1921–1986”፤ የቬኒኒ ፋብሪካ ሥራዎች ሙሉ መዝገብ ማለት ነው። የጻፈችው አና ቬኒኒ ዲያዝ ዴ ሳንቲያና የፋብሪካው መሥራች የፓኦሎ ቬኒኒ ልጅ ናት። አባቷ የሚላኖ ጠበቃ ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. ጃኮሞ ካፔሊን ከሚባል የቬኒስ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ጋር ፋብሪካውን ከፈተ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ። የመጽሐፉ ጥቅም ታሪኩ ላይ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ ይጠቀምባቸው የነበሩት የካታሎግ ሥዕሎች ከነቁጥራቸው ገብተውበታል። በእጃችሁ ያለውን ዕቃ ከሥዕሉ ጋር ታመሳክራላችሁ፤ አንገቱ ወይም ትከሻው ከተለየ ነገሩ አለቀ። ችግሩ፣ ዋጋው አይቀመስም። ደግሞስ አዳማ ላይ ከማን ብፌ ነው ቬኒኒ የሚወጣው? እኔ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ለማወቅ ያህል ጥሩ ነው፤ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ።

ከእሱ ይልቅ እጄ የማይለየው የማርክ ሄይረማንስ መጽሐፍ ነው፤ ከ1910 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ያለውን የሙራኖ ሥራ የሚያሳየው። ብዙ ሰው ሙራኖ ማለት ቬኒኒ ብቻ ይመስለዋል። እዚህ ግን ባሮቪየር ኤ ቶሶም፣ ሴጉሶም፣ አውሬሊያኖ ቶሶም የሚባሉት ሌሎቹ ፋብሪካዎች ቦታ አላቸው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚመጣው “ሶሜርሶ” የሚሉት ዓይነት ነው። ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው፤ አንዱ ቀለም በሌላው ሆድ ውስጥ ሳይቀላቀል ይታያል። ሠራተኛው በቧንቧው ጫፍ የያዘውን ትኩስ ብርጭቆ ሌላ ቀለም ያለበት ማቅለጫ ውስጥ እየነከረ ነው የሚያለብሰው። ፍላቪዮ ፖሊ ለሴጉሶ ቬትሪ ዳርቴ የነደፋቸውን ካያችሁ በኋላ ተራውን ሶሜርሶ ስታዩ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል። የፖሊ ሥራ ጌጥ አያበዛም። ቅርጹ ጭምት ነው፣ የቀለሞቹም ድንበር ጥርት ያለ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ በእነዚህ መጻሕፍት ሁሉ ላይ። ፎቶዎቹ በአብዛኛው ከፊት ለፊት የተነሡ ናቸው። ገዢ ግን መጀመሪያ የሚያየው ቂጡን ነው! ሲሠራ ይዞት ከነበረው ብረት የተላቀቀበት ጠባሳ አለ ወይ? ተሞርዷል ወይ? ለዘመናት ጠረጴዛ ላይ ሲጎተት የተጫረው ጭረት የታለ? ይሄን የሚያስተምራችሁ መጽሐፍ ሳይሆን ብዙ ዕቃ ማገላበጥ ነው።

አሁን የምለው ሊያስቃችሁ ይችላል። ለጣልያን ብርጭቆ ሰብሳቢ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ መጽሐፍ ስለ ቼኮስሎቫኪያ ብርጭቆ ነው። “ሃይ ስክሎ ሎ ስክሎ” ይባላል፤ ማርክ ሂል የሚባል እንግሊዛዊ ጽፎት በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቼኮች የሠሩትን፣ ከምርጥ የእጅ ሥራ ጀምሮ በማሽን ተጨምቆ በብዛት እስከወጣው ድረስ ያሳያል። በትኩስነቱ ተስቦ የተጠማዘዘው የቼክ ሳህንና የአበባ ማስቀመጫ በየአገሩ ሙራኖ እየተባለ ይሸጣል። በተለይ ክርዢብስካ በሚባለው ፋብሪካ ዮሴፍ ሆስፖድካ የነደፋቸው ብዙ ሰው ያሳስታሉ።

አንድ ቀን አንዲት እናት በነጠላ ጠቅልለው እንዲህ ያለውን ይዘው መጡ። “ልጄ፣ ይሄ የጣልያን ነው፤ ባለቤቴ ጅቡቲ ሲሠራ ያመጣልኝ” አሉኝ። መጽሐፉን ገልጬ አሳየኋቸው። “እማማ፣ ይመልከቱት እስኪ፤ የቼክ ነው፤ ዋጋውም ከጣልያኑ ያንሳል።” መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። “ታዲያ ቼክ ሲሆን አበባ አይዝም?” ብለው መልሰው ጠቀለሉት። አልሸጡልኝም፤ እኔም በልቤ ደግ አደረጉ አልኩ።

የዋጋ ዝርዝር ያላቸውን መጻሕፍት በተመለከተ ብዙ አልናገርም። የሌዝሊ ፒኛ “ፊፍቲስ ግላስ” ለጀማሪ ፎቶው ግሩም ነው፤ የጣልያኑንም የሌላውንም አገር ያሳያል። ግን በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ያንን ዋጋ ይዛችሁ ከሰው ጋር እንዳትከራከሩ። አዲስ ብርጭቆ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ መጽሐፍም አያስፈልጋችሁ። ሙራኖ ያለችበት የቬኔቶ ክልል በ1994 እ.ኤ.አ. በሕግ ያወጣው “ቬትሮ አርቲስቲኮ ሙራኖ” (የሙራኖ የጥበብ ብርጭቆ) የሚል ምልክት አለ፤ እሱን ፈልጉ።

የማሪኖ ባሮቪየር “ካርሎ ስካርፓ፦ ቬኒኒ 1932–1947” ለዓይን ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ውስጥ በሳን ጆርጆ ማጆሬ ደሴት ለተደረገው ዐውደ ርዕይ የተዘጋጀ ነው። ለቬኒኒ ብርጭቆ የነደፈው ስካርፓ አርክቴክት ነበር፤ ብርጭቆውም ያስታውቃል። “ባቱቶ” የሚባለውን ሥራ ተመልከቱ፤ ላዩ የተቀጠቀጠ መዳብ እስኪመስል ድረስ በሞረድ ተፍቋል። እንዲህ ያለውን እዚህ ፈልጋችሁ አታገኙም። እኔ ግን ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ የማገላብጠው እሱን ነው። እንግሊዝኛውም ጣልያንኛውም እትም ስላለ ለሚያመጣላችሁ ሰው የትኛውን እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሩት።

መጽሐፎቹን ማየት የፈለገ ሱቄ ይምጣ። ጠዋት ጠዋት ዕቃ ፍለጋ ላይ ነኝ፤ ከሰዓት ግን አለሁ። ቡና አለ፤ ማዋስ የለም።