የዳይኖሰር ፖስተር ከጎንደር ፒያሳ፦ ከመሰቀሉ በፊት የሚታረሙት

በፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ለአጸደ ሕፃናት ክፍል የሚሸጠው ላሚኔት የተደረገ የዳይኖሰር ፖስተር 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 12 እንስሳት አሉበት። ሕትመቱ ጥሩ ነው፤ ፊደሉ ከሩቅ ይነበባል፣ ጠርዙም አልተላቀቀም። ሥዕሉ ግን እንዳለ የሚሰቀል አይደለም። ለማረም ግማሽ ቀን የሚሰጥ መምህር ይግዛው፤ ጊዜ የሌለው ቢቀርበት ይሻላል።

ከቲራኖሳውረስ እንጀምር። ሁለት ጣት ብቻ መሣሉ ትክክል ነው። መዳፉ ግን ኳስ እንደሚያነጥር ሰው ወደ መሬት ዞሯል። የክንዱ አጥንት እንዲህ አይዞርም፤ ሊያጨበጭብ እንደተዘጋጀ ሰው ሁለቱ መዳፎች መተያየት አለባቸው። ጅራቱም መሬት ይጎትታል። የጭንቅላቱን ክብደት የሚያመዛዝነው ጅራቱ ስለሆነ ከጀርባው ጋር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መዘርጋት ነበረበት። እንዲህ ያለው አቋም የሚመጣው ሠዓሊው አጥንቱን ትቶ የቆየ ሥዕል ሲገለብጥ ነው።

አጠገቡ ስቴጎሳውረስ ቆሟል። ስቴጎሳውረስ የኖረው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ቲራኖሳውረስ ደግሞ ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ቲራኖሳውረስ ከስቴጎሳውረስ ይልቅ ለእኛ ዘመን ይቀርባል ማለት ነው። ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ነገር ያለው ዲሜትሮዶን ደግሞ ጭራሽ ዳይኖሰር አይደለም፤ ከእነሱ ቀድሞ የኖረ፣ ከተሳቢዎች ይልቅ ለአጥቢዎች የሚቀርብ እንስሳ ነው። እነዚህ በቀለም አይታረሙም። ዘመናቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከሥራቸው መለጠፍ ይበቃል።

የባሰው ቬሎሲራፕተር ነው። ፖስተሩ የእንሽላሊት ቆዳ አልብሶት ቁመቱን ከቲራኖሳውረስ አስተካክሎታል። ወገቡ ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከጠቦት ብዙ የማይበልጥ እንስሳ ነበር። ሞንጎሊያ ውስጥ በተገኘ የክንድ አጥንቱ ላይ የላባ መትከያ ጉብጉብታዎች መኖራቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለታወቀ፣ ያለ ላባ መሣሉ ዛሬ ምክንያት የለውም።

ላባውን ለመጨመር የሚያስፈልገው ባለ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ አልኮል፣ ቀጭን ብሩሽና ነጭ፣ ቡናማ፣ ጥቁር አክሪሊክ ቀለም ነው። የውሃ ቀለም ላሚኔት ላይ ጠብታ ሆኖ ይሰበሰባል እንጂ አይዝም። የእንስሳው አካል ያለበት ቦታ ብቻ፣ ማንጸባረቁ እስኪጠፋ ቀስ ተብሎ ይፈተጋል፤ ካልተፈተገ አክሪሊኩ ሲደርቅ ይላጣል። አቧራውና የጣት ቅባቱ በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ በግማሽ ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ አንዴ በወፍራሙ ከተቀባ ፖስተሩ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚጠቁር ከሚፈለገው ትንሽ ፈካ ተደርጎ ይበጠበጥ።

ለላባው አቀማመጥ የዶሮ ክንፍ ዘርግቶ ማየትን የሚያህል የለም። ረጃጅሞቹ ላባዎች ከክንድ ብቻ አይደለም የሚነሡት፤ እስከ ሁለተኛው ጣት ይዘልቃሉ። ብዙ ሠዓሊዎች አንጓው ላይ ያቆሟቸዋል፤ ያኔ እጁ ሰፊ እጅጌ ያለው ቀሚስ የለበሰ ይመስላል።

የሚያሳዝነው፣ ፖስተሩ ላይ አንድም የአገራችን እንስሳ የለም። ጎንደር ያረፈችበት አለት እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ዕድሜውም ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ስለሆነ ዳይኖሰር አይገኝበትም። የዳይኖሰር ጥርስ የተገኘው ወደ ሙገር ነው። ነገር ግን በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ጭልጋ አለ። ከ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የኖሩ አጥቢዎች ቅሪተ አካል በ2003 እ.ኤ.አ. ለዓለም ቀርቧል። ከዝሆን ወገን የሆነው ጭልጋቴሪየም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቦታ ነው። ለልጆች ሥዕል የሚመቸው ግን እዚያው የተገኘው አርሲኖይቴሪየም ነው፦ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ጎን ለጎን፣ ከኋላቸው ሁለት ትንንሽ።

ይህን በፍሊፕ ቻርት ወረቀት ሥሎ ከፖስተሩ ጎን መስቀል ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቀንዱ ላይ ነው፤ እንደ አውራሪስ ፊትና ኋላ ይደረደራል። የአውራሪስ ቀንድ አጥንት የለውም፤ የዚህኛው ግን ውስጡ ክፍት አጥንት ነው፣ ሁለቱም ከሥራቸው ይገናኛሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የራስ ቅሉ በ2ቢ እርሳስ በስሱ ይነደፍ፣ ቆዳው በኋላ ይልበስበት። እግሩ እንደ ዝሆን ቀጥ ያለ ምሰሶ ነው። ከእንስሳው ኋላ የሚሣለው ቦታ የሣር ሜዳ መሆን የለበትም፤ የዚያን ጊዜው ጭልጋ ደን ነበር።

መጠኑ በአንድ አሥረኛ ይሁን። ግብፅ ውስጥ የተገኘው የአርሲኖይቴሪየም ዝርያ ትከሻው 1.75 ሜትር ገደማ ስለሚሆን በወረቀት 17.5 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ የጭልጋው ከዚያ ይበልጣል፣ 20 ቢደረግ አይበዛበትም። ከጎኑ 11 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሕፃን ይሣል፤ ፖስተሩ ላይ የሌለው የመጠን ማነጻጸሪያ በዚህ ይሟላል። ሁለቱም ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ይራቁ፤ ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይለቁና ሰማያዊው ብቻ ይቀራል።