ሐሙስ ሐሙስ የክክ ሾርባ፦ ኡፕሳላ ያለች አንዲት ባለ ሰባት ጠረጴዛ ካፌ

ስሟን አልጽፍም። አንደኛ፣ ያሏት ሰባት ጠረጴዛዎች ብቻ ናቸው። ሁለተኛ፣ ከታች የምናገረው አንድ ቅሬታ አለኝና ባለቤቷን ማሳጣት አልፈልግም። ምልክቱን ግን እሰጣለሁ። ከትልቁ ካቴድራል ቁልቁል ወደ ፊሪስ ወንዝ ስትወርዱ፣ መስኮቷ ላይ ሰባት መብራት ያለው የገና መቅረዝ የተቀመጠባት ናት። (ዲሴምበር ላይ እዚህ አገር መስኮት ሁሉ ይኸው መቅረዝ ስላለበት ምልክቱ ብዙም አይጠቅምም። ይቅርታ።)

የጥንት ካፌ የሚፈልግ ሰው ኦፍቫንዳልስ ይሂድ። እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ያለ ነው፤ እኔንም ገና እንደመጣሁ ወስደውኛል። ይህችኛዋ የሰፈር ካፌ ናት። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ላፕቶፔን ይዤ ተጎልቼባታለሁ። አሁን ወደ ባሕር ዳር ልመለስ አራት ቀን ሲቀረኝ ዝም ብዬ መሄዱ ከበደኝ።

እንዴት እንደጀመርኳት ልንገራችሁ። የምኖረው ፍሎግስታ የሚባል የተማሪ ሰፈር ነው። ፍሎግስታ ማታ በ4 ሰዓት ተማሪው መስኮቱን ከፍቶ ይጮሃል። ቀልዴን አይደለም፤ የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ሲጀምር ከወዲያኛው ሕንፃ ሌላው ይቀበለዋል። የመጀመሪያው ቀን ሌባ የተያዘ መስሎኝ ጫማዬን አድርጌ ወጥቼ ነበር። ኋላ እኔም ጮህኩ፤ ደስ ይላል። ግን ሪፖርት እየጻፉ አይሆንም። ወጥ ቤቱም የጋራ ስለሆነ ሁልጊዜ የሆነ ሰው ፓስታ እየቀቀለ ነው። እናም ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ወጣሁ።

ጸጥታውን ያገኘሁት በመስከረም ነው፤ የካፌዋ ጥቅም የገባኝ ግን ኅዳር ላይ ነው። አሁን በዚህ ወር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ወጥታ ማለቴም ማጋነን ነው። ከደመናው ጀርባ አንድ ሰው ባትሪ አብርቶ የረሳው ነው የሚመስለው። ምሳ በልቼ ትንሽ ጋደም ብል ስነሳ ሌሊት ነው። ካፌዋ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ሻማ ታበራለች፤ ከጠዋት ጀምሮ። መጀመሪያ ለፍቅረኞች የተደረገ መስሎኝ ነበር። ለካ ለሁላችንም ነው።

በሩ ላይ ስትደርሱ እንዳትደነግጡ። ከውጭ የሕፃን ጋሪዎች ተደርድረዋል፣ ውስጣቸው ሕፃናት ተኝተዋል። ከዜሮ በታች ስድስት ዲግሪ ላይ። እናቶቻቸው መስታወቱ ውስጥ ሆነው ቡና ይጠጣሉ። ንጹሕ አየር ላይ የተኛ ልጅ እንቅልፉ ይጠናል ይላሉ። የልጆቹ ጉንጭ ቀይ ነው፣ ሁሉም ድብን ብለው ተኝተዋል፣ ምንም አልሆኑም። እናቴ ግን ብታይ ኖሮ ጋሪውን እየገፋች ልጁን ወደ ውስጥ ታስገባው ነበር፤ እናትየዋንም ሳትቆጣ አትቀርም።

አሁን ወደ ቡናው። በጀበና ያደገ ሰው ቡናው ሲቀርብለት ያዝናል። ከረጢቱ ላይ ይርጋጨፌ ተብሎ ተጽፏል፣ አገሬን አይቼ ፈነደቅሁ። ስቀምሰው ግን ፍሬው የተቆላ ሳይሆን እሳቱን በሩቁ አይቶ የተመለሰ ነው። ቀጭን ነው፣ ኮምጠጥ ይላል። ከአንድ ወር በኋላ ለመድኩት። ከሁለት ወር በኋላ ወደድኩት፤ ይህን እቤት ደርሼ አልናገርም።

ዋጋው 38 ክሮና ነው። ዋናው ነገር ግን ድጋሚው ነጻ መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ሲኒ «ፖቶር» ይሉታል፣ ሦስተኛውን «ትሬቶር»። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ሲኒ የየራሱ ስም ያለው ሌላ ሕዝብ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለቤቷ ይህን ያስረዱኝ ቀን እኔም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ቆጠርኩላቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ከኋላዬ ደገሙት። «በረካ» ላይ ሲደርሱ ምን ማለት ነው አሉኝ። በረከት ነው፣ ሳይጠጡት አይሄዱም አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስተኛውን ልቀዳ ስነሳ ከባንኮኒው ኋላ ሆነው «ባራካ!» ይሉኛል። እርግጥ እዚህ የሚያጨስ ዕጣን የለም፣ ፈንዲሻም የለም፣ ጎረቤትም አይጠራም። ስዊድናዊው ትሬቶሩን ቀድቶ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

«አሉኝ፣ አስረዱኝ» እያልኩ አንቱ ብዬ የምጽፈው በአማርኛ ስለሆነ ነው። በስዊድንኛ ሁሉም ሰው «ዱ» ነው፤ አንተም አንቺም እርስዎም በአንድ ቃል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ፕሮፌሰሩም ሚኒስትሩም እንዲሁ ነው የሚጠሩት። ሴትዮዋ እናቴን በዕድሜ ይበልጣሉ። መጀመሪያ «ዱ» ያልኳቸው ቀን አፌን የመታኝ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር ብዬ አይቻለሁ።

ምግቡስ? አንድ ቀን ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ሐሙስ ሂዱ። ስዊድን ውስጥ ሐሙስ የአተር ሾርባ ቀን ነው። ቢጫ ክክ ነው፤ የኛው ክክ። ድሮ ካቶሊክ በነበሩ ጊዜ ዓርብን ይጾሙ ስለነበር ሐሙስ ጠገብ ብለው ለመብላት የጀመሩት ነው ይባላል። ጾሙ ቀረባቸው፣ ሾርባው ቀረላቸው። በወጉ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። እዚህ ግን ያለ ሥጋ የተሠራም ድስት አለ፣ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። ያለ ሥጋው የክክ አልጫ ነው በሉት፤ እርድ የሌለበት፣ ቀጠን ያለ፣ ጦስኝ ጣል የተደረገበት። ጨው ያንሰዋል። ቃሪያ የለውም፣ ነጭ ሽንኩርት ከሩቅ ነው የሚሸተው።

ከዚያ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ሳህን ትመጣለች። ሰናፍጭ ናት! ክክና ሰናፍጭ፣ በጾም፣ ስዊድን ውስጥ። በማንኪያው ጫፍ ቆንጥራችሁ ሾርባው ውስጥ ታማስሏታላችሁ። አፍንጫ ላይ ትወጣለች፣ ዓይን ታስነባለች፣ ከዚያ ትለቃለች። ከቤት የያዝኳት ሚጥሚጣ ጥቅምት ላይ አልቃብኝ ስለነበር ከዚያ ወዲህ የኖርኩት በዚህች ሰናፍጭ ነው ብል አልዋሸሁም። እንጀራ ሲያምረኝ ስቶክሆልም ድረስ በባቡር እሄዳለሁ፣ አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ግን ወር በገባ አንድ ቀን ነው፣ ኪስም አለ። ሐሙስ ግን በየሳምንቱ ይመጣል። ከሾርባው በኋላ ፓንኬክ በጃም ይሰጣል፤ ከጾም በፊት እበላ ነበር፣ ደህና ነው።

ጣፋጩ ጋ ስንመጣ ጉዳዩ ይወሳሰባል። የሄል ዳቦአቸው፣ «ካርደሙማ ቡሌ» የሚሉት፣ የተጎነጎነ ነው። ሄሉን በደንብ ሳይደቁሱ ጥቁር ጥቁሩ እየታየ ይረጩበታል። ትኩሱን ቆርሳችሁ ወደ አፍንጫ ስታስጠጉ ኮረሪማ የገባበት ቡና ይሸታችኋል። መቼም ዘመዳሞች ናቸው። ጥቅምት ላይ በቀን አንድ እበላ ነበር፣ አንዳንዴ ሁለት። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። ቅቤና ወተት ስላለበት ተሰናበትኩት። የጾም ምግብ እዚህ «ቬጋንስክ» ብላችሁ ነው የምትጠይቁት። ምክንያቱን ማንም አይጠይቃችሁም፤ ለከብቶች ያዘናችሁ ይመስላቸዋል።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። አጃ፣ ካካዎና ስኳር ተለውሶ ኮኮናት ላይ የሚንከባለል የቸኮሌት ኳስ አለ። «ቬጋንስክ» የሚል ካርድ ቆሞበታል። እኔም በአጃ ወተት ቡና እያጠጣሁት አንድ ሳምንት በየቀኑ በላሁት። ኅዳር መጨረሻ ላይ አስተናጋጇ ልጅ ካርዱን አንስታ ከጎኑ ወዳለው ትሪ አዛወረችው። ጠየቅኋት። «ውይ፣ ይሄኛውስ ቅቤ አለው» አለች። ሰባት ኳስ! ባለቤቷ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ፊታቸው ቀልቷል። የአለርጂ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ሰው ሆስፒታል ይገባ ነበር፤ ስለዚህ እንደ ቀልድ አላልፈውም፣ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ። እኔስ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሳታውቅ ነው አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «ሰባቱንም?» አሉ።

ወንበሩ ከእንጨት ነው፣ ሁለት ሰዓት ከተቀመጣችሁ ወገብ ይቆርጣል። 11 ሰዓት ይዘጋሉ፤ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወንበር እያነሱ ጠረጴዛ ላይ ይገለብጣሉ፣ ውጡ ማለት ነው። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው።

ዲሴምበር 13 የሉሲያ ቀን ነበር፤ ስዊድኖች በጨለማው ወቅት የሚያከብሩት የብርሃን በዓል ነው። በጠዋቱ ሄድኩ። ውጭው ጥቁር ነው። የባለቤቷ የልጅ ልጅ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ራሷ ላይ በባትሪ የሚሠራ የሻማ አክሊል ደፍታ፣ ሻፍሮን ዳቦ በትሪ ታዞራለች። አክሊሉ ወደ አንድ ዓይኗ ዘመም ብሏል፣ እጇ በትሪው ስለተያዘ ማቃናት አልቻለችም። ዳቦው እርድ የነካው ይመስል ቢጫ ነው፣ እንደ እባብ ተጠቅልሎ ሁለቱ ጫፍ ላይ ዘቢብ ተሰክቶበታል። እኔ ጋ ስትደርስ ባለቤቷ ከኋላ «እሱ አይበላም፣ ቅቤ አለው!» ብለው ጮሁ። ካፌው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኳሱ ወዲህ እንዲህ ነው የሚጠብቁኝ።

አራት ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ አስገብቻለሁ፣ ገና ዕለት እንበላዋለን። ቶሎ ይደርቃል ብለው አስጠንቅቀውኛል። ቡና ውስጥ ነክራችሁ ብሉት አሉ። የትኛው ውስጥ፣ አቦሉ ውስጥ ወይስ ቶናው? አልኳቸው። አሰቡና «ባራካ» አሉ።

ከአምስት ኮከብ አራት። ሾርባው ሐሙስ ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው፤ ያለ ሥጋው ድስት ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድማችሁ ሂዱ። ላፕቶፕ ያላችሁ ከመስኮቱ ሁለተኛውን ጠረጴዛ ያዙ፣ ሶኬት ያለው እሱ ብቻ ነው። አንዱ እግሩ ይነቃነቃል፤ ሥሩ የታጠፈ ወረቀት አድርጌበታለሁ። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ባዶ ነው።