5 አምፔር እንጀራ አይጋግርም

ከማዳም ቤት ወጥታችሁ ቤይሩት ውስጥ የራሳችሁን ቤት ልትከራዩ ካሰባችሁ ስለ ኢሽቲራክ ልንገራችሁ። ኢሽቲራክ የሰፈር ጄኔሬተር ነው። በየወሩ ትከፍላላችሁ፣ ሽቦ ጎትተው ያስገቡላችኋል። እኔ ቡርጅ ሐሙድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስኖር አምስት ዓመት አልፎኛል፣ ደንበኛም ነኝ። የባለቤቱን ስም አልጠራም። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ።

ጥሩውን ላስቀድም። መብራት ሲጠፋ አስር ሳልቆጥር ይነሳል። ኦክቶበር 2021 ሁለቱ ትልልቅ የመንግሥት ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው አገሩ በሙሉ ሲጨልም እንኳ የኛ አምፖል ማታ ማታ ይበራ ነበር። ሊባኖስ ከኦክቶበር 2022 እስከ ጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት አልነበራትም። የኢሽቲራኩ ሰውዬ ግን አንድም ወር ሒሳብ መሰብሰብ አልረሳም።

ችግሩ ምጣዱ ነው። የኛ ኢሽቲራክ የሚሰጠን 5 አምፔር ነው። 5 አምፔር ማለት 1,100 ዋት ገደማ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ የዚያን ሦስት እጥፍ ይፈልጋል። ሰክታችሁ ገና ሳይግል ታች ያለው ማቋረጫ ጧ ይላል። ከዚያ ከአራተኛ ፎቅ በስልክ መብራት ወርዶ መልሶ ማንሳት ነው። ስለዚህ የምንጋግረው የመንግሥቱ መብራት ሲመጣ ብቻ ነው። እዚህ እሱን «ዳውሌ» ይሉታል፣ ቃሉ መንግሥት ማለት ነው። «ዳውሌ ነው ኢሽቲራክ?» ሳይባል ካውያ አይሰካም።

ዳውሌ ደግሞ ሲፈልግ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይመጣል። ከሦስታችን የነቃችው ትጮሃለች፣ ሁላችንም እንነሳለን። አንዷ ማሰሻ ትፈልጋለች፣ አንዷ ሊጡን ታማታለች። ባለፈው ስድስት አውጥቼ ሰባተኛውን እንዳዞርኩ ሄደብኝ። ዓይን ሳያወጣ አክንባሎው ስር ቀረ። የቀረው ሊጥ በማግስቱ ከሆምጣጤ አይለይም ነበር።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ግን ለምጣዱ አይደለም፣ መቀየር ስለማይቻል ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጄኔሬተር ይረክሳል ሲሉኝ ደውዬ ጠየቅኩት። «የናንተ ሕንፃ የሱ ነው፣ እኔ አልገባም» ብሎ ዘጋው። ታች ፎቅ ላሉት አርመናዊት አሮጊት ስነግራቸው ሳቁብኝ። በጦርነቱ ጊዜም መንገዱ እንዲሁ የየሰዉ ነበር አሉ።

ጦርነቱ በፈረንጆቹ ከ1975 እስከ 1990 የቆየው የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። 1989 ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ ጣኢፍ በምትባል ከተማ ተስማሙና የፓርላማው ወንበር ለክርስቲያንና ለሙስሊም እኩል እንዲሆን ወሰኑ። ዛሬ 128ቱ ለሁለት ተከፍሏል። ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ ነው። ወንበሩ እንዲህ በጥንቃቄ ተቆጥሮ ተካፍሏል፤ መብራት ማብራት ግን ማንም ድርሻዬ ነው ያለ አይመስለኝም። እሱን ለኢሽቲራኩ ሰውዬ ተዉለት። እሱም በየሰፈሩ ትንሽ መንግሥት ሆነ፣ ግብሩንም በዶላር ይሰበስባል።

ሁለተኛዋ ኮከብ የተቀነሰችው በቆጣሪው ነው። ከ2018 ጀምሮ ቆጣሪ የማስገባት ግዴታ አለባቸው፣ የኪሎዋት ሰዓቱንም ዋጋ የኢነርጂ ሚኒስቴር በየወሩ ያወጣል። እኛን ግን ስምንት ወር በግምት አስከፈሉን። ስጠይቅ «ቡክራ» ይሉኛል፣ ነገ ማለት ነው። አሮጊቷ ደረጃው ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ጮሁባቸው፣ በሳምንቱ ተገጠመ። 70 ዶላር የነበረው ወደ 45 ወረደ። እናንተ ሽቦው ሳይገባ በፊት ቆጣሪ ጠይቁ፣ ቁጥሩንም በየወሩ ፎቶ አንሱት።

ሰብሳቢው የሚመጣው ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ዝርዝር ያዙ፣ መልስ የለውም።