የመቅረጫ መድፍ ወይስ የፌስታል መድፍ? ለጦርነት ጌም የቱ ይሻላል

ባለፈው እሁድ ጌም ላይ (ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ የአሻንጉሊት ወታደሮች የምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ) የነበሩ ልጆች መድፎቹን ከውጭ ያስመጣሁ መስሏቸው ነበር፣ ኧረ ምን ውጭ አለ፣ ሁሉም እዚሁ ሀዋሳ የተገዙ ናቸው። አንደኛው አይነት በመድፍ ቅርጽ የተሰራ የብረት እርሳስ መቅረጫ ነው፣ ፒያሳ ጽሕፈት መሳሪያ ቤት አገኘሁት። ሁለተኛው መናኸሪያ አካባቢ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡት፣ ከአረንጓዴ ወታደሮች ጋር በፌስታል ታሽጎ የሚመጣው ፕላስቲክ ነው።

ስትሄዱ ማስመሪያ ያዙ። ሁላችንም አፈሙዙን አይተን ነው የምንገዛው፣ ጉዱ ያለው ግን ጎማው ላይ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሜዳ መድፍ ጎማ ቁመቱ 1 ሜትር ከ45 አካባቢ ነበር፣ ሰው አጠገቡ ሲቆም ትከሻው ጋ ይደርሳል ማለት ነው፣ ስለዚህ ወታደሮቻችሁ 1/72 (ከእውነተኛው ሰው 72 ጊዜ ያነሱ) ከሆኑ 20 ሚሊ ሜትር፣ 28 ሚሊ የሚባሉት (ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ወታደሮች) ከሆኑ ደግሞ 26 አካባቢ የሆነ ጎማ ፈልጉ። አድዋን ለምትጫወቱ ከዚህም ቀንሱ፣ ምክንያቱም የጣሊያን የተራራ መድፎች ተፈታተው በበቅሎ የሚጫኑ ስለነበሩ ጎማቸው አጭር ነበር።

መቅረጫው ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም። እኔ የገዛሁት ጎማው 19 ሚሊ ሆኖ ለ1/72 ልክ ገጠመልኝ፣ እንጨት መሳይ ዘንጎች አሉት፣ ክብደት ስላለውም ጠረጴዛ ሲነካ አይወድቅም። ምላጩን የያዘችውን ቡሎን ፈታችሁ ታወጣላችሁ (ጣታችሁን ተጠንቀቁ፣ እኔ አልተጠነቀቅኩም)፣ እርሳስ የሚገባበትን ቀዳዳ በኤፖክሲ ትደፍናላችሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዛ አንቲሩስት፣ ከዛ ቀለም። በቃ። አስቸጋሪው ነገር መቁረጥ ነው፣ አፈሙዙ ረዘመብኝ ብላችሁ በሴጌቶ ከጀመራችሁት ማታውን ሙሉ እሱ ላይ ናችሁ።

የፌስታሉ በቁጥር ሲታይ ርካሽ ነው፣ በአንድ ፌስታል ሁለት ሶስት መድፍ ይወጣል። ግን አብሮት ላሉት ትልልቅ ወታደሮች የተሰራ ስለሆነ ለ1/72 አውሬ ነው፣ 28 ሚሊ አጠገብ ግን ከባድ መድፍ ነው ብትሉት ያስኬዳል። ያየኋቸው ደግሞ ጋሻ ያላቸውና ጎማቸው የመኪና ጎማ የሚመስል ነው፣ ስለዚህ ለ1928ቱ ማይጨው እንጂ ለ1888ቱ አድዋ አይሆንም። ዋናው ችግር ግን ፕላስቲኩ ነው። ለስላሳ፣ ቅባት ቅባት የሚል አይነት፣ ሱፐር ግሉ አይዘውም። የመጀመሪያዬን ሳላጥብ ቀባሁት፣ ጌሙ መሃል ላይ የእህቴ ልጅ መድፉን አንስቶ ሲያዞረው ጎማው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ፣ ቀለሙም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ፣ ያኔ የሳቁብኝ እስካሁን ያነሱታል። አሁን በላርጎ አጥቤ፣ መርፌ በላይተር አግዬ በስቼ፣ ሽቦ አስገብቼ ነው የማጣብቀው፣ ከዛ ወዲህ አንድም አልወለቀም። ሱቁ ላይ በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ ሞክሩት፣ ጥፍር ከገባ ለስላሳው ነው፣ ደረቅ ሆኖ ከመለሰላችሁ ሳትከራከሩ ግዙት።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ መቅረጫው ነው፣ 1/72 ለሚጫወት ሰው ሌላ ማሰብም አያስፈልገውም። የፌስታሉን የምገዛው 28 ሚሊ ለሚጫወቱት ጓደኞቼና ለትርፍ ጎማ ብቻ ነው።

ሴባስቶፖልን ለምትጠይቁኝ ሁለቱም አይሆኑም። ጋፋት የተሰራው የቴዎድሮስ መድፍ ሞርታር ነው፣ አጭርና ወፍራም፣ የመቅረጫው ቀጭን አፈሙዝ ምኑም አይመስልም። እኔ የሮልኦን ዲዮዶራንት ክዳን ተጠቅሜያለሁ፣ ጎማውን ከካፖርት ቁልፍ፣ ዘንጉን ከስቴኪኒ። የሚጎትቱት ሰዎች ናቸው የቀሩኝ፣ ወደ መቅደላ የሄደው በሰው ጉልበት ስለሆነ ብዙ ሰው ያስፈልገዋል፣ እስካሁን 11 ቀብቻለሁ።